ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ጎርፉ እዚህ

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ድሬዳዋ ቅዳሜ ማታ ቶሎ የምትተኛ ከተማ አይደለችም፤ ሙቀቱ ሰውን ከቤት አውጥቶ ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ወጉን ያስረዝማል። ሌሊቱ ሲገፋ ግን ደቻቱ ወንዝ ዳር ያሉት ሰፈሮችም እንደሌላው ከተማ ተኙ። እሑድ ሳይነጋ ወንዙ ደረሰባቸው። አብዛኛውን ዓመት በእግር የሚታለፍ አሸዋ የነበረው ስፍራ በአንድ ሌሊት ዛፍ፣ ድንጋይና ቤት የሚያንከባልል ውሃ ሞላበት። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤቱን አጥቶ በመጠለያ ሰፈረ። ውሃው የወሰዳቸውን ሰዎች ፍለጋ ከከተማዋ በታች ባለው ሜዳ ላይ ለቀናት ቀጠለ፤ አስከሬን አግኝቶ የመቅበር ዕድል እንኳ ያላገኙ ቤተሰቦች አሉ።

ስለዚያ ሌሊት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ ሰዎች ለምን አልሸሹም የሚል ነው። ጥያቄው ሟቾቹን የሚወቅስ ይመስላልና ደስ አይለኝም፤ መልሱ ግን ሕይወት ያድናልና መመለስ አለበት። አልሸሹም፣ ምክንያቱም ውሃው ወደ እነሱ መንገድ ሲጀምር ተኝተው ነበር። ነቅተው ቢሆን እንኳ ከራሳቸው ጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ የጎርፉን ልክ ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ደራሽ ጎርፍን ከሌላው ጎርፍ የሚለየው ይኸው ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በሌላ ሰው አገር ላይ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከደቡቧ በኩል የሐረርጌ ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ደንገጎ ላይ ሲደርስ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮ ይደፈናል። መኪናው ከአንድ ሰዓት በታች የሚወጣውን ይህን ከፍታ ውሃው በተቃራኒው ይወርደዋል። ተራራው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ደቻቱ አሸንዳው ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ከአሸንዳው አፍ ስር ተቀምጣለች።

ቁጥሩን ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሃምሳ ሚሊ ሜትር ዝናብ በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 500,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ በክብደቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን። መሬቱ ደን የለበሰ፣ አፈሩ የላላ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ይጠጣው ነበር። ለማገዶና ለከሰል በተመነጠረ፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ በወጣ ዳገት ላይ ግን ውሃው መግቢያ አያገኝም። ከደረቅ ወራት በኋላ ቅርፊት የሠራ አፈርም ውሃን እንደ ሲሚንቶ ይመልሳል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሸለቆው፣ ከየሸለቆው ደግሞ ወደ አንዱ አሸዋማ ወንዝ ይሮጣል። ባለሙያዎች ደራሽ ጎርፍ የሚሉት ከዝናቡ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚደርሰውን ነው፤ እንደ ደቻቱ ባለ አጭርና ቁልቁል ወንዝ ግን ጊዜው ከዚያም ሊያጥር ይችላል።

ሌሊት መምጣቱም የአጋጣሚ ብቻ አይደለም። በክረምት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ተራራውን ታሞቀዋለች። የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፣ አመሻሹ ላይ ነጎድጓዱ ይጀምራል። ዝናቡ ተራራው ላይ በማታ ከወረደ ውሃው ከተማ የሚገባው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው።

በቀን ደቻቱን ያየ ሰው ይህን ሁሉ ለማመን ይቸገራል። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው፣ መንገዶቿ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑት ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ በዚህ አሸዋ ዳርና ዳር አደገች። አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አህያና ግመል ይነዳል፣ ነጋዴ ሸራውን ዘርግቶ ልብስ ይሸጣል፣ ሰው ከመጋላ ወደ ከዚራ አቋርጦ ይሄዳል። ቦታው ለገበያው ቅርብ ነው፤ ኪራዩም ከሌላው ይረክሳል። ደሃ ወንዝ ዳር የሚሠራው አደጋውን ስለናቀ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለማይደርሰው ነው። ይህ ካልተነገረ የጥንቃቄ ምክር ሁሉ ከላይ ሆኖ መስበክ ይሆናል።

ደረቅ ወንዝ የሚያታልለው የውሃውን ጉልበት በማስረሳት ነው። ሰው ጎርፍን በጥልቀቱ ይለካዋል፤ ጉልበቱ ያለው ግን በፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚለው፣ ጤነኛ ጎልማሳን ይጥላል። ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ትናንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ፒክአፕ ሳይቀር ይወስዳል። ድሬዳዋ ደግሞ የባጃጅ ከተማ ናት። ባዶውን 400 ኪሎ የማይሞላ፣ በሦስት ትንንሽ ጎማ የቆመ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ባጃጅ ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃው ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። በአሜሪካ በጎርፍ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውሃ ያጥለቀለቀው መንገድ ውስጥ ተሽከርካሪ ይዘው የገቡ ናቸው። ሾፌሩ የሚያየው የውሃውን ገጽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አስፋልቱ ይኑር ወይ ተቦርቡሮ ይውደቅ ማንም ሊነግረው አይችልም። የከተማ ጎርፍ ደግሞ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ይደብቃል።

በር ላይም ይኸው ጉልበት አለ። ዘጠና ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ከውጭ ግማሽ ሜትር ውሃ ሲቆምበት ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ይገፋዋል። ውሃው አንድ ሜትር ሲሆን ግፊቱ ወደ 450 ኪሎ ይጠጋል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ውስጥ ያለ ሰው ሊገፋው አይችልም፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ መቀርቀሪያውን ሲያነሳ ውሃው በሩን ይዞ ይወድቅበታል። ቤት ውስጥ ሆኖ የውሃውን ሁኔታ ለማየት መጠበቅ የሚገድለው ለዚህ ነው። መውጫው ጊዜ በሩ ገና ቀላል በሆነበት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ የወጣው ሰው ለከንቱ የተሸበረ የሚመስልበት ሰዓት ነው። እኔ እንደማምነው የጥንቃቄው ሁሉ ከባድ ክፍል እዚህ ላይ ነው። አምስት ጊዜ በከንቱ ወጥቶ ስድስተኛው ላይ የሚተርፍ ቤተሰብ በአምስቱ ጊዜ የጎረቤትን ሳቅ መቻል አለበት።

ታዲያ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ተራራውን ይመለከታል። ከሰዓት በኋላ ደንገጎ በኩል ደመናው ከጠቆረ፣ መብረቁ ከበረታ፣ ከተማው ላይ ጠብ ባይልም ያ ማታ እንደሌላው ማታ አይታደርም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተራ ገብቶ ይነቃል፤ ካልሆነም ሕፃናትና አረጋውያን ከፍ ባለው ዘመድ ቤት ያድራሉ። ወንዙ ራሱም ምልክት አለው። ጠብ የሚለው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማንሳፈፍ ከጀመረ፣ ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና ያለ ጉርምርምታ ከተሰማና መሬቱ ከተንቀጠቀጠ የቀረው ጊዜ ደቂቃ ነው። በዚያ ደቂቃ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግር ወደ ከፍታ መሄድ፣ በቅርቡ ባለው መንገድ፣ ከወንዙ ጎን ለጎን ሳይሆን ከወንዙ እየራቁ። ውሃን በሩጫ የሚቀድመው የለም፤ ዳገት ላይ ያለን ሰው ግን አይደርስበትም።

መንገዱ በቀን መታወቅ አለበት። ከቤታችን ወደ ከፍታ የሚወስደው መንገድ ወንዙን ወይም ትንሿን ቦይ የሚያቋርጥ ከሆነ መንገድ አይደለም፤ ሌላ ይፈለግ። ልጆች ቤተሰብ ቢለያይ የት እንደሚገናኙ ይነገራቸው፤ አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት በስም ይጠራ። መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የልደት ወረቀቱ፣ የዘወትር መድኃኒቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ይህ ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ ግን ፍለጋ አይገባም። ለቴሌቪዥን፣ ለፍየል፣ ለተረሳ ስልክ ወደ ቤት መመለስ የለም። ቆጣሪውን ማጥፋት የሚቻለው እግርም እጅም ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ ውሃ ከገባ በኋላ የኤሌክትሪክ ዕቃ መንካት ራሱን የቻለ ሞት ነው።

ጣሪያ ላይ ስለመውጣት አንድ ነገር ልጨምር። ብሎኬት ቤት ወይም ፎቅ ከሆነና መውጫ ከታጣ ወደ ላይ መውጣት ያድናል። የጭቃ ቤት ግን ከሥሩ ሲርስ ግድግዳው ይሟሟል፤ ጣሪያውም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ጣሪያውን መሸሸጊያ ብሎ መቁጠር የለበትም፤ ቀድሞ ከመውጣት በቀር አማራጭ የለውም። ሰውን ሊያድን ዘሎ ጎርፍ ውስጥ የሚገባም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ገመድ፣ የተነፋ ጎማ፣ ባዶ ጄሪካን መወርወር ከመዋኘት ይበልጣል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግንብ ግን የሚሠራው ለታሰበለት መጠን ነው፤ ከዚያ የበለጠ ውሃ ሲመጣ በላዩ ይፈሳል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግንቡ የሚሰጠው እርጋታ ነው፤ ከግንቡ ጀርባ ያለ ሰው ተራራውን ማየት ይተዋል። እኔ ከግንቡ እኩል ዋጋ የምሰጠው ለስልክ ነው። በ1998 ሞባይል በየሰው እጅ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ደንገጎ ላይ ቆሎ የሚሸጥም ሆነ እርሻ የሚጠብቅ ሰው ስልክ ይዟል። ዝናቡን የሚያየው እሱ ነው። የእሱ አንድ ጥሪ ከታች ላለ የቀበሌ ተጠሪ ቢደርስ፣ ተጠሪው ሙአዚኑን ቢቀሰቅስ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በጨለማ ቢጮህ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቢደገም፣ ሰፈሩ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ይነቃል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የከባድ ዝናብ ማሳሰቢያ ለሰፊ አካባቢ ያወጣል፤ እሱ የቀኑን ጥንቃቄ ይወስናል። የትኛው ሸለቆ በየትኛው ሰዓት እንደሞላ የሚናገረው ግን ላይ ቤት ያለው ሰው ነው። ይህ ሰንሰለት በጋ ላይ ተሞክሮ፣ ማን ለማን እንደሚደውል በስም ታውቆ፣ ስልኩ ያልሠራ እንደሆነ ምትኩ ታስቦ መቀመጥ አለበት።

የላይኛው ዝናብ የታችኛውን ሰው መግደሉ የደቻቱ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ነሐሴ ወር በአሜሪካ አሪዞና፣ አንቴሎፕ ካንየን በሚባለው ጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ውስጥ 11 ጎብኚዎች በጎርፍ ሞተዋል፤ ዝናቡ የወረደው ከእነሱ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነበር። በእኛው አገር ደግሞ ድሬዳዋ በተመታች በሳምንቱ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች አጥለቀለቀ፤ ከ300 በላይ ሰው ሞተ፣ ከብቱም በሺዎች አለቀ። ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ ውሃው ከደጋ ተነስቶ ቱርካና ሐይቅ አፋፍ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። እዚያ ለማስጠንቀቂያ ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ ሰዎቹ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ያስቆጫል።

ከባሕር የሚነሳው ማዕበል ደግሞ ይህንኑ ዝናብ በእጥፍ ይዞ ይመጣል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሐሩራማ ማዕበል በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተፈጥሮ ሶማሌላንድ ላይ ወደ ምድር ገባ፤ ጅቡቲን አጥለቀለቀ፣ ዝናቡ እስከ እኛው ሶማሌ ክልል ዘለቀ። በዚያው ወር መኩኑ የተባለው ሌላ ማዕበል የኦማኗን ሰላላን መታ። እንዲህ ያለውን ማዕበል ሰው በነፋሱ ያስታውሰዋል፤ ብዙ ሕይወት የሚያጠፋው ግን ውሃው ነው። ነፋሱ በድንገት ጸጥ ሲልም መውጣት አይገባም። የማዕበሉ እምብርት በላይ ሲያልፍ አየሩ ይረጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒ አቅጣጫ በዚያው ብርታት ይመለሳል።

ይህ የሩቅ ወሬ ያልሆነባቸው ብዙ ወገኖች አሉን፤ በኦማን፣ በኤምሬትስ፣ በሳውዲ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ መኪና የሚነዱ፣ በረሃ ላይ ፍየል የሚጠብቁ። ዋዲ የሚባለው የዚያ አገር ደረቅ ሸለቆ የደቻቱ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በኤምሬትሷ አል ዐይን አካባቢ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። የዱባይ አውራ ጎዳናዎች ሐይቅ ሆኑ፣ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ የሞቱ ሰዎችም ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ኦማን ውስጥ ጎርፍ ተማሪዎችን የጫነ ተሽከርካሪ ወስዶ ሕፃናት ሞተዋል። በኤምሬትስ ሕግ የሞላ ዋዲ ውስጥ መኪና ያስገባ ሰው 2,000 ድርሃም ይቀጣል፣ 23 ጥቁር ነጥብ ይያዝበታል፣ መኪናው ለ60 ቀን ይታገዳል። ይህን ለሾፌሮቻችን መንገር ያስፈልጋል፤ አሠሪው ተሻገር ብሎ ሲያስጨንቅ ሕጉን ጠርቶ እምቢ ለማለት ይረዳልና። ምድር ቤት ክፍል ውስጥ የምታድር እህት ደግሞ የማዕበል ማስጠንቀቂያ በስልኳ ሲመጣ ቋንቋው ባይገባት እንኳ አስተርጉማ ትወቅ፣ በዚያ ሌሊት ፎቅ ላይ ለማደር ትጠይቅ። መኪና ውስጥ ውሃ የደረሰበት ሰው መስኮቱን ወዲያው ያውርድ፤ የኤሌክትሪክ መስኮት ውሃ ሲገባበት ላይሠራ ይችላል። ቀበቶውን ይፍታ፣ ልጆቹን ያስቀድም፣ በመስኮት ይውጣ፣ መኪናውን ይተወው።

ውሃው ሲጎድል አደጋው መልኩን ይለውጣል። መጸዳጃ ቤቱና ጉድጓዱ ተደባልቀዋልና የጉድጓድ ውሃ ሳይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣም። ተቅማጥና ትውከት ከጎርፍ በኋላ ሕፃናትን ቀድሞ ይይዛል፤ ወባም ውሃው ባቆረባቸው ጉድጓዶች ትከተላለች። ጎርፍ የነካው እህልና ዱቄት፣ ቢደርቅም፣ ለሰው አይሆንም። የራሰ የጭቃ ግድግዳ በማግስቱ ቆሞ ቢታይም ከቀናት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ ልጅ አይጠጋውም፣ ማንም ሥሩ አይተኛም። ለተጎዳ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል።

ሰው ጭቃውን ለመዛቅ በማግስቱ ይመለሳል፤ ሊመለስም ግድ ነው፣ የተረፈው ሁሉ እዚያ ነውና። ነገር ግን ተራራው ውሃውን ገና አልጨረሰም። የጠገበ አፈር ቀጣዩን ዝናብ ጨርሶ አይጠጣም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጎርፍ ከመጀመሪያው ባነሰ ዝናብ፣ ከመጀመሪያውም በፈጠነ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ጭቃ እየዛቁ ካሉት መካከል አንዱ አካፋውን አስቀምጦ ወደ ደንገጎ ይመልከት፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስም ሕፃናቱ ከወንዙ ራቅ ብለው ይደሩ።